የግራ ትከሻ

ልብስ ሰፊው ማስተር ዒናየት በየዓመቱ ረመዳን ሲጋመስ «ለዒድ ትእዛዝ መቀበል አቁመናል» የሚል ካርቶን በሱቁ በር ላይ ይሰቅላል። ዘንድሮም ሰቀለ። ነገር ግን ካርቶኑ ከተሰቀለ በኋላ የገባው ጨርቅ ከመሰቀሉ በፊት ከገባው በለጠ።

«ማስተር፣» አለ በሺር፣ ካውያውን ከጨርቁ ላይ ብድግ አድርጎ፣ «ካርቶኑን ፊቱን ወደ ውስጥ አዙረን ብንሰቅለው ምን ይመስልሃል? ማንበብ የሚያስፈልገን እኛ ነን።»

በሺር በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ሲተኩስና ሲቀልድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ዒናየት አልሳቀለትም። በከንፈሮቹ መሀል የስፒል ረድፍ ነክሶ ነበር። ሥራ ሲበዛበት ልማዱ ነው፤ ስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስለማይበቃው ለሚጠይቀው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ያውቃሉ።

«አንተ ማስተር! የልጆቼን ልብስ ዛሬ ትጨርሳለህ አላልከኝም?» ትላለች አንዷ መጋረጃውን ገልጣ። ይነቀንቃል። «ባለፈው ማክሰኞም ነቅንቀህልኝ ነበር እኮ!» አሁንም ይነቀንቃል።

«እህቴ፣ አትድከሚ፣» ይላታል በሺር፣ «ስፒሎቹን ካልዋጣቸው በቀር ከዚህ ሰው ቃል አይወጣም።»

የሙልታን ከተማ እሳት ሆናለች። ጾሙ ረጅም ነው፤ መብራት በመጣ ቁጥር ይሄዳል፤ በሄደ ቁጥር ማራገቢያው ይቆምና ዒናየት በእግር ወደምትረገጠው አሮጌ መኪና ይዛወራል። ላቡ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ግንባሩ ላይ መሐረብ ያስራል። ቤቱ ከሱቁ ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ቅያስ ነው። ሆኖም ከጾሙ አጋማሽ ወዲህ የሚያድረው እዚያው የተቆራረጠ ጨርቅ አንጥፎ ነው። ቤቱን የሚያየው ገላውን ለመታጠብ ሲሄድ ብቻ ሆኗል፤ ታጥቦ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም ተኝተዋል።

ይህን ሁሉ ሸክም የተሸከመው ለአንዲት ሴት ልጁ ነው። ተህሚና የነርስነት ትምህርት ቤት ከገባች አንድ ዓመት ሆናት። የገባች ዕለት አባቷ እጁን በራሷ ላይ ጭኖ፣ እናቷ ኩልሱም እየሰማች፣ «ይህች ልጅ የምስክር ወረቀቷን እዚህ ግድግዳ ላይ ሳትሰቅል ለማንም ቃል አልሰጥም፤ አላህ ይስማኝ» ብሎ ነበር። በዚያ ቤት ሴት ልጅ የምትዳረው አባት ቃል ሲሰጥ ነው። ተህሚና ያንን ቀን እንደ ልደቷ ቀን ታስበዋለች። የዘንድሮው ክፍያ ሲጨምር ዒናየት ለልጁ አልነገራትም። ካንቶንመንት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ወዳለው ትልቅ ቡቲክ ሄደና የተረፋቸውን ሥራ እንዲሰጡት ለመነ።

የቡቲኩ ሥራ የሚመጣው በጥቅል ነው። ጥቅሉ ውስጥ አዲሱ ጨርቅና አንድ የልክ ልብስ ይኖራል፤ የልክ ልብስ ማለት ባለቤቲቱ ላይ ልክ የሆነ አሮጌ ቀሚስ ነው። ሰፊው እሱን ዘርግቶ ይለካና አዲሱን ይሰፋል፤ ሴቲቱን አያያትም። ጥቅሉ ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ይሰካበታል። ቡቲኩ ሰፊው ደንበኛዋን እንዲያውቅ አይፈልግም፤ ደንበኛዋም ልብሷ በየትኛው ጉራንጉር እንደሚሰፋ እንድታውቅ አይፈልግም። ዒናየትም ለማወቅ ጊዜ አልነበረውም።

ኩልሱም ወደ ሱቁ የመጣችው ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ መምጣቷ ነበር። ከመጋረጃው ውጭ ቆማ ተጣራች።

«የተህሚና አባት።»

ዒናየት እጅጌ እየገጠመ ነበር። በሌላኛው በኩል አንድ ጎልማሳ የወገቡ ልክ ጠበበ ብሎ ይጮኻል።

«ሁለት ጊዜ መጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ‹በኋላ› ብለውኛል። ቤት አይመጡም፤ ሲመጡም እንቅልፍ ነው። እኔ ከማን ጋር ልማከር? ከስፌት መኪናው ጋር?»

«እሱ እንኳ ሲረግጡት ይመልሳል፤» አለ በሺር።

«አንተ ዝም በል፣ በሺር። ቁም ነገር ነው የያዝኩት።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሳሂዋል ከተማ ያለችው ሰፊያ፣ የአክስቴ ልጅ፣ ተህሚናን ለልጇ ጠይቃለች። ልጁ መስኖ ቢሮ ቋሚ ሥራ አለው። ጨዋ ሰዎች ናቸው። እርስዎ ለልጅዎ ቃል ገብተውላታል፣ አውቃለሁ፤ ያንን ቃል የሚያነሡት እርስዎ እንጂ እኔ አይደለሁም። አይሆንም ካሉ ዛሬ ይበሉኝና እኔም ልረፍ። እሺ ካሉ ለዒድ ቀለበት ይዘው ይመጣሉ። ልብሷንም ራሳቸው ያሰፋሉ፤ የልክ ልብስ ላኩልን ብለዋል። ሰማያዊውን ቀሚሷን ልላክላቸው?»

ዒናየት የሚስቱን ድምፅ ሰምቷል። ቃላቱ ግን እንደ ማራገቢያው ነፋስ በጆሮው አጠገብ አለፉ። ስኳር ያለቀባት መሰለው፤ ወይም የውኃው ቧንቧ እንደገና የፈሰሰ። ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ ነው?»

ነቀነቀ።

«በሺር፣ አንተም አይተሃል።»

«እኔ የማየው ይቺን አንገትጌ ነው፣ እህቴ፤ ከተቃጠለች ማስተር እኔኑ ይተኩሰኛል።»

ኩልሱም ወዲያው አልሄደችም። ባሏ ስፒሎቹን አውጥቶ አንዲት ቃል እንዲጨምርላት ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሻርፗን አስተካክላ በፀሐዩ መሀል ተመለሰች። ዒናየት ጎልማሳውን ከሸኘ በኋላ ነው ቀና ያለው።

«ኩልሱም ምን ፈልጋ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ የቤተሰብ ነገር ነው፤» አለ በሺር። ሌላ ደንበኛ ገባች።

በመጨረሻው የረመዳን ሳምንት ጥቅል ቁጥር አርባ አንድ መጣ። ፈካ ያለ አረንጓዴ ሐር ነው፤ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ክር ገብቶበታል። «ለዒድ ቀን የግድ» ተብሎበታል። የልክ ልብሱ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ሰማያዊ ጥጥ ነው። ዒናየት ገበታው ላይ ዘረጋው፤ በመዳፉ አለሰለሰው፤ ሜትሩን ጣለበት። ከዚያ ፊቱን አጨማደደ።

«ይህን የሰፋው ዕውር ነው እንዴ?»

«ምን ሆነ?»

«ና እይ። የግራው ትከሻ ከቀኙ በግማሽ ጣት ዝቅ ብሏል። እንዲህ ሰፍቶ ደግሞ ሰው ክፍያ ይቀበላል።»

በሺር አንገቱን አስግጎ አየ። «አንተ አስተካክልላትና ትመርቅሃለች።»

ዒናየት ጠመኔውን አነሣ፤ ሁለቱን ትከሻዎች እኩል አድርጎ በሐሩ ላይ አሰመረ። ቢስሚላህ ብሎ ቆረጠ። መቀሱ ሐር ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ ሁልጊዜ ደስ ይለዋል፤ ያን ቀን ግን አልሰማውም።

ዕውር ያለው ሰፊ እሱው ራሱ ነበር። ተህሚና ስድስት ዓመቷ ሳለ ከጣሪያው ደረጃ ወድቃ የግራ ትከሻዋ ተሰብሯል። ወጌሻው አሰረላት፤ አጥንቱ ዳነ፤ ሆኖም ዝቅ ብሎ ዳነ። እናቷ «ልጄ ጎደሎ ሆነች» ብላ ስታለቅስ ዒናየት ተነሥቶ ቀሚስ ሰፋላት፤ የግራውን ትከሻ በግማሽ ጣት ዝቅ አድርጎ። ቀሚሱ ላይዋ ላይ ሲውል ጉድለቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የሰፋላትን ሁሉ እንዲሁ እያደረገ ነው የሰፋው፤ ለማንም ሳይናገር። ጎረቤት አላወቀም። ልጅቷ ራሷ ረሳችው። ሰማያዊውን ቀሚስ የሰፋላት ትምህርት ቤት የገባች ሰሞን ነው፤ ሥራ ባልበዛበት ቀን፣ ሻይ እየጠጣ፣ እሷ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ደም ግፊት መለኪያ እያወራችለት። አሁን ያው ቀሚስ ፊቱ ተዘርግቶ፣ እጁ ዳብሶት፣ አላወቀውም።

በማግስቱ ማፍጠሪያው ሲቃረብ ተህሚና ራሷ ሱቁ መጣች። ተምርና የሽምብራ ጥብስ በእቃ ይዛለች። እናቷ የነገረቻትን አላመነችም ነበር። «አባ በአፋቸው ተናገሩ?» ብላ ጠይቃ፣ «ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ያውም ሁለት ጊዜ» የሚል መልስ አግኝታለች። ስለዚህ ከራሱ ልትሰማ መጣች። እሺ አላልኩም ቢላት እዚያው ሱቁ ውስጥ በደስታ ልታለቅስ፣ እሺ ብያለሁ ቢላትም ለምን ብላ ልትጠይቀው ቆርጣ ነበር።

መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ሰማያዊ ቀሚሷ በምስማሩ ላይ ተሰቅሎ አየችው። ከሥሩ አባቷ ጎንበስ ብሎ አረንጓዴውን ሐር ይሰፋል።

መጋረጃውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ ልጄ፤ ነፋሱን ዘጋሽብን፤» አለ በሺር። «ምን ይዘሽልን መጣሽ? ሽታው ጾሜን ሊያስፈታኝ ነው።»

«አባ፣» አለች፣ «እርስዎ ራስዎ ነዎት የሚሰፉት?»

«ታዲያ ማን ይስፋው?» አለ ዒናየት ቀና ሳይል። ስፒሎቹ በከንፈሩ ጥግ ነበሩ።

«ለዒድ ይደርሳል?»

«ይደርሳል። ቀለበት የምታስር ልጅ ናት መሰለኝ፤ ሐሩን አታይም?»

ተህሚና እቃውን ገበታው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ስለ እሷ እንደ ሌላ ሰው የሚያወራው ዓይኗን ለማየት አፍሮ መሰላት። በዚያ ሰፈር አባት ልጁን ሲድር እንዲህ ያፍራል።

«እና… ወደውት ነው? ማለቴ ሥራውን።»

«መውደድ ምን ያደርጋል ልጄ፤ አንዴ የተያዘ ነገር ነው፤ መጨረስ ብቻ ነው።» መኪናውን ረገጠ፤ መርፌዋ ተንቀጠቀጠች።

«ላነጋግርዎት ነበር የመጣሁት።»

«ከዒድ በኋላ፣ የኔ ልጅ። ከዒድ በኋላ የፈለግሽውን ያህል እናወራለን። አሁን ተይኝ።»

«ከዒድ በኋላ ምን ይቀራል፣ አባ?»

የዚያን ጊዜ መብራት ሄደ። ዒናየት አንድ ነገር አጉተምትሞ ሐሩን ሰብስቦ ወደ እግር መኪናው ዞረ። ክር ሲፈልግ፣ መርፌ ሲቀይር፣ አዛኑ ተሰማ። ተምሯን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ አልነበረችም።

«ሄደች እንዴ?»

«ሄደች፤» አለ በሺር። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ልጅቷ ከስታለች፣ ማስተር። ፊቷን አይተኸዋል?»

ዒናየት ተምሩን እያኘከ አሰበ። የልጁን ድምፅ ያስታውሳል። ፊቷን ግን አላየውም። ከዒድ በኋላ አስቀምጬ አያታለሁ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዒድ ጠዋት የመጨረሻውን ልብስ አስረክቦ፣ ካርቶኑን ከበሩ ላይ አንሥቶ፣ በቀጥታ ወደ መስጊድ ሄደ። ሱጁድ ላይ ግንባሩ ምንጣፉን ሲነካ እንደ ትራስ ጣመው፤ አፈረበት። ከሰላቱ በኋላ ኢማሙ ሲናገሩ ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ከዚያ የሚያስታውሰው የጎረቤቱን እጅ ትከሻው ላይ ነው።

«ማስተር፣ ተነሥ። ሰዉ ተቃቅፎ፣ እንኳን አደረሰህ ተባብሎ ሄዷል።»

ቅያሱን ሲያቋርጥ የሰፈሩ ሴቶች ልጆች በሱ እጅ ሥራ አሸብርቀው በየበሩ ቆመዋል። ያንዷን ኪስ፣ የሌላዋን ቅምቅማት እያየ አለፈ፤ ሁሉንም አወቃቸው። ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ የማያውቀው ጫማ ተደርድሯል።

«ወንድሜ ዒናየት! እንኳን አደረሰህ!» አንዲት ወፍራም ሴት ከአልጋው ጫፍ ተነሣች። የሳሂዋሏ ሰፊያ ናት። ከጎኗ ባሏና አንድ ዓይነ አፋር ወጣት ተቀምጠዋል፤ መሀላቸው በብርማ ወረቀት የተሸፈነ፣ ላዱ የሚባል ድቡልቡል ጣፋጭ የሞላበት ትሪ አለ። «ባለቤቱ ሳይመጣ ቀለበት አይታሰርም ብለን ስንጠብቅህ ነው። አሁን አንተ ባለሙያ ነህና ፍረድ፤ ልብሷን ካንቶንመንት፣ ትልቁ ቡቲክ ነው ያሰፋነው። አባትየውን የገዛ ልጁን የቀለበት ልብስ ስፋልን ማለት ነውር ነው ብለን ነው እንጂ እጅህን ንቀን እንዳይመስልህ። ነይ ልጄ፣ አባትሽ ይይሽ!»

ተህሚና ከጓዳ ወጣች።

ዒናየት መጀመሪያ ሐሩን አወቀው። ቀጥሎ ከአንገትጌው ሥር እስከ ብብቷ በሰያፍ የወረደውን ሽብሽባት አየ። የግራው ትከሻ ባዶውን ተነፍቶ ቆሟል። ልጁ ጎደሎ መሆኗ በሰው ፊት የታየው ያን ቀን ነው፤ ያሳየውም የእሱ መቀስ ነው። ሰማያዊው ቀሚስ ትዝ አለው። ምስማሩ፣ ጠመኔው፣ «ከዒድ በኋላ ምን ይቀራል» ያለችው። ሁሉም አንድ ላይ መጣበት።

«እንዴት ነው? አያምርም?» አለች ሰፊያ።

«ያምራል፤» አለ። ከዚያ ኩልሱምን በዓይኑ ጠርቶ ጓዳ ገባ።

«ማን ቃል ሰጠ?» አላት በሹክሹክታ።

«እንዴት ማን ሰጠ?»

«እኔ አልሰማሁም። ወላሂ፣ ኩልሱም፣ አልሰማሁም።»

ኩልሱም ዓይኖቿ ፈጠጡ። ለሃያ ዓመት ከአንቱ ያልወረደ አንደበቷ ያን ቀን ወረደ። «አንተ ሰው! ሦስት ጊዜ መጣሁ። በፀሐይ፣ በጾም አፌ፣ ደጅህ ላይ እንደ ለማኝ ቆሜ ጠየቅሁህ። አይሆንም በለኝና ልረፍ አልኩህ። ነቀነቅህ። አሁን ሰዎቹ ካገራቸው ተነሥተው መጥተው፣ ዘመድ ሁሉ ሰምቶ፣ ምን ልበላቸው? ‹ባሌ አፉ ውስጥ ስፒል ነበረበት› ልበል? የልጅቷንስ ስም ከጠፋ በኋላ ማን ያነሣዋል?»

ከውጭ ሰፊያ ተጣራች።

ሲመለስ ሰፊያ ቆማ ጠበቀችው፤ በእጇ ላዱ ይዛለች። የምሥራች ቀን ነውና እንደ ወጉ የአባትየውን አፍ ማጣፈጥ አለባት። «ክፈት፣ ወንድሜ!» አለችና ሙሉውን አጎረሰችው። ሁሉም ሳቁ። ዒናየት አኘከ። ስኳሩና ቅቤው ጉሮሮው ላይ ተጣበቀ። ሁሉም እሱን ይጠብቃሉ። ተህሚናም በቀጥታ ታየው ነበር። ያን ጊዜ ፊቷን አየው። በእርግጥ ከስታለች። ላዱውን እንደምንም ዋጠው።

«ትምህርቷ…» አለ። «ትምህርቷን እስክትጨርስ…»

«ውይ ትምህርት!» ሰፊያ እጇን አራገበች፤ ክፋት አልነበረባትም። «የሰው ቁስል ስታጥብ ልትኖር? እኛ ቤት ምራት አትሠራም፣ ወንድሜ። አንተ ስትለፋ ኖርክ፤ ልጅህ እንኳ ትረፍ።»

የወጣቱ አባት «ኢንሻአላህ» አለ። ኩልሱም ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሁሉም መልሰው ወደ ዒናየት ዞሩ። በዚያች ቅጽበት አይሆንም ማለት ይችል ነበር፤ አፉ ባዶ ነበር። ዘመድ አሰበ፤ የልጁን ስም አሰበ፤ ድካሙም እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጫነው።

ራሱን ነቀነቀ።

ቀለበቱ ታሰረ። እንግዶቹ ምሳ ቀርቦላቸው ሲበሉ ዒናየት ክርና መርፌውን ይዞ ልጁን ጓዳው በር ላይ አገኛት።

«ተህሚና። አላወቅሁም ነበር፣ ልጄ። ያንቺ መሆኑን አላወቅሁም።»

«ቀሚሴ እኮ ከራስዎ በላይ ተሰቅሎ ነበር፣ አባ፤» አለች። አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። «እኔም አጠገብዎ ቆሜ ነበር።»

«ትከሻውን… ዞር በይ፣ አሁኑኑ ላስተካክለው። ሁለት ስፌት ነው፤ አይፈጅም።»

እጁን ወደ ግራ ትከሻዋ ሰነዘረ። ሻርፗን ስባ ሸፈነችው።

«ይተዉት፤ እንግዶቹ ውኃ ይፈልጋሉ፤» ብላ ማሰሮውን አንሥታ ወጣች።